ሦስተኛው ማን ይሆን?

አሜሪካኖች ታዋቂ ሰው ሲሞት ሦስት ሆኖ ነው ይላሉ። ይህን መጀመሪያ የሰማሁት ሜሪላንድ ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ ስሠራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ሰኔ ወር። ማክሰኞ የቴሌቪዥኑ ሰው ኤድ ማክማን ሞተ። ሐሙስ ጠዋት ተዋናይቷ ፋራ ፎሴት አረፈች። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ሁለት ጣቷን አውጥታ "አንድ ይቀራል" አለች። ሌሎቹም ተቀበሏት። እዚያው ምሳ ቤት ቁጭ ብለው በሕይወት ያሉ ሰዎችን ስም ይጠሩ ጀመር። እሱ አርጅቷል፣ እሷ ታማለች እያሉ። እኔ ምግቡ አልወርድ አለኝ። አገር ቤት ቢሆን "ዝም በይ፣ ሟርተኛ!" ብሎ የሚቆጣት ሰው አይጠፋም ነበር።

ማምሻውን ማይክል ጃክሰን ሞተ፤ ገና በ50 ዓመቱ። እኔ ደንግጬ ቆሜያለሁ። እሷ "አላልኳችሁም? ሞላ!" አለች።

እሑድ ደግሞ ቢሊ ሜይስ ሞተ፤ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ድምፁ ያልገባበት ቤት የለም። "ይሄስ?" አልኳት። "እሱማ ያን ያህል ታዋቂ አይደለም።" በዚያው ወር መጀመሪያ የሞተውን ተዋናይ ዴቪድ ካራዲንንም ዘልላዋለች። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሦስት ሲሞላ መቁጠር ያቆማሉ፤ ካልሞላ እስኪሞላ ይጠብቃሉ። ይህን ያህል ታዋቂ ሰው ባለበት አገር ደግሞ ሦስተኛ መቼም አይጠፋም።

የእኛስ ሰው? ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በፋሲካ ዕለት ጥላሁን ገሠሠ አርፏል። ዓይኔ አብጦ ሥራ ገባሁ። "ማነው እሱ?" አሉኝ። አገር በሙሉ ያለቀሰለት ሰው እነሱ ጣት ላይ ቦታ የለውም። አንድ ቀን ፈቃድ ብጠይቅ "ዘመድህ ነው?" ተባልኩ። አይደለም አልኩ፣ ተከለከልኩ። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

እኛም እኮ እንፈራለን። ጥርሱ ሲወልቅ በህልሙ ያየ ሰው ቀኑን ሙሉ ልቡ አያርፍም። ውሻ ሌሊት ሲያላዝን እናቶቻችን ያማትባሉ። ግን የሰው ስም አንጠራም። "እግዜር ያርቀው" ብለን እናልፋለን። ሰው ሞቶ እንኳ መርዶው በደረቁ አይነገርም፤ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ነው።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ከእኛ ፎቅ በአንድ ሳምንት ሁለት ሰዎች አረፉ። ያቺው ልጅ ኮሪደሩ ላይ ቆማ "ሦስተኛው ማን ይሆን?" አለች፤ ጣቷን አውጥታ። ከኋላዋ ያለው በር ገርበብ ብሏል። ውስጥ የተኙት የማስታምማቸው አሮጊት ናቸው፤ በእኛ ወግ እማማ ነበር የምላቸው።

ሻያቸውን ይዤ ስገባ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ስበውታል።

"እኔ ነኝ?" አሉኝ።

"ኧረ በፍጹም፣ እማማ!"

ሻዩን ሁለት ጊዜ ብቻ ፉት አሉለት። መብራቱን ላጥፋ ስል እጄን ጥርቅም አድርገው ያዙኝ። እስኪነጋ እንደበራ አደረ።