ቀለም የነካት ጣት ትኑርልን

ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ በመስጠቱ የሚኮራ ወጣት ሳይ ደስ ይለኛል። በድምፁ ሳይሆን በጣቱ የሚኮራ ሲገጥመኝ ደግሞ ተነስቼ አጨበጭባለሁ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ቀን፣ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ የሚጨበጨብለት ሞልቶ ነበር።

እስቲ የአንዱን ወጣት ትዕግሥት እዩልኝ። የመራጮች ምዝገባ ሲከፈት አልተንቀሳቀሰም። የተመዝጋቢው ቁጥር አነሰና ቀኑ ተራዘመ፤ አሁንም አልተንቀሳቀሰም። ብስለት ይሏል ይሄ ነው! ሊዘጋ ሲል አንድ ጓደኛው ጠየቀው፤ «ካርድ ሳታወጣ የምርጫው ቀን ምን ልትለጥፍ ነው?» ያኔ ሮጠ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 ዕድሜው 18 የሞላው ዜጋ ይመርጣል ይላል። ከአልጋ የሚቀሰቅሰው ግን ቲክቶክ ነው።

የምርጫው ቀን ማለዳውን ልብስ ሲመርጥ አረፈደ። ዕጩ ለመምረጥ የፈጀበትን ጊዜ ግን ማንም አልያዘለትም፤ ለመያዝም አይበቃም። እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አባቶች ጃንጥላ ይዘው በሌሊት ተሰልፈዋል። ሰልፉ አላልቅ ብሎ ድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት የተገፋበት ቀን ነው። የኛ ሰው «ተራዬን ያዙልኝ» ብሎ ማኪያቶውን ጠጥቶ መጣ።

አስመራጯ ሁለት ወረቀት ሰጠችው። አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ አንዱ ለከተማው ምክር ቤት።

«ሁለት ናቸው እንዴ?» አለ።

ጥያቄውን እንዳትንቁት። ንቁ ዜጋ ይጠይቃል። ከዚያ ከመጋረጃው ጀርባ ገብቶ ምልክቶቹን አንድ በአንድ አያቸው፣ ሥዕሉ ያማረው ላይም ምልክት አደረገ። የሥነ ጥበብ ዓይን ያለው ልጅ ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን ቀለሙ ነበር። ቀለም የምትቀባው ልጅ ጫፉን ብቻ ነካ ስታደርግለት ፊቱ ተለወጠ። «እባክሽ እህቴ፣ ትንሽ ጨመር አድርጊበት፤ በካሜራ አይታይም።» ቀለሙ አንድ ሰው ሁለቴ እንዳይመርጥ የመጣ ነገር መሆኑን የሚያውቅ ያውቃል። እሱ እንደሆነ አንዴውንም በግድ ነው የመረጠው።

ደጅ ወጥቶ ጣቱን ሽቅብ ቀስሮ ቆመ። ፎቶ ሲነሳ፣ ሲያጠፋ፣ ብርሃን ሲቀይር ሰልፈኛው ተሸጋሽጎ ቦታ ለቀቀለት። በመጨረሻ አንዲት ባለነጠላ እናት ጠጋ አሉት።

«ማንን መረጥክ የኔ ልጅ?»

«እማማ፣ ድምፅ እኮ ምስጢር ነው!»

«ጎሽ! ብቻ ለአንተ ነግረውሃል ወይ?»

እሳቸውን ተዉአቸው፤ ላይክ ምን እንደሆነ አያውቁም። ልጁ ፎቶውን ለቀቀ፤ ከሥሩም «ታሪክ ሠራን» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ያቺን ጣት ሳሙና አላስነካትም፤ ጥሬ ሥጋ ሲበላ እንኳ ወደ ላይ ቀስሯት ነበር ይባላል።

ለምርጫ ቦርድ አንድ ሐሳብ አለኝ። አዲስ አበባ 23 የምርጫ ክልል አላት። በየክልሉ ጥሩ መብራት ያለው አንድ የፎቶ ድንኳን ይተከል። ቀለሙም ይመረጥ፤ ወይን ጠጁ ለሁሉም አይሄድም። ወረቀትና ኮሮጆ የሚፈልግ ካለ፣ እሱ በጓሮ በር ይግባ።