ሜዳው ወይስ ችግኙ? ተፈጥሮን ለልጅ የሚያስተምረው የቱ ነው?

የክርክሩ ጥያቄ አጭር ነው። ከ4 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆች ተፈጥሮን እንዲወዱና እንዲያከብሩ ወደ ውጭ ማውጣት ይበቃል? አንዷ ተከራካሪ ኮተቤ አካባቢ የምታስተምር የአፀደ ሕፃናት መምህርት ናት። ሌላው ሱሉልታ ተወልዶ ያደገና እዚያው ልጆች የሚያሳድግ አባት ነው።

መምህርቷ፦
ይበቃል ባይ ነኝ። ልጆቻችን ግቢያቸው ሲሚንቶ፣ መንገዳቸው ኮብልስቶን፣ ቤት ሲገቡ ደግሞ ስልክ ነው። ባለፈው ጥቅምት 20 የሚሆኑ ልጆች ይዘን የካ ተራራ ግርጌ ወጣን። አንድ ቁጥቋጦ ላይ እስስት አየን። አንዱ ልጅ ወዲያው ድንጋይ አነሳ። «ሚስ፣ መርዝ አላት!» አለኝ፤ ከቤት የሰማው ነው። ቁጢጥ አልኩና እጁን ይዤ «ቆይ፣ መጀመሪያ ዓይኗን እይ» አልኩት። አንዱ ዓይኗ ወደ እኛ፣ ሌላው ወደ ኋላ ይዞራል። እግሯ ቅርንጫፉን እንደ ጉጠት ጨብጦታል። ልጁ ትንፋሹን ውጦ ቀረ። ድንጋዩን መቼ እንደጣለው እንኳ አላየሁም። ይሄን ከሥዕል መጽሐፍ ከየት አመጣዋለሁ?

አባት፦
እህቴ፣ ስለ እስስቷ በጣም ደስ ብሎኛል። ግን እኔ ልጅነቴን በሙሉ ውጭ ነው የዋልኩት። ጠዋት ከብት ይዤ ወጥቼ ማታ ነበር የምገባው። ታዲያ ምን ተማርኩ? ወንጭፍ መወርወር፣ የወፍ ጎጆ ማፍረስ፣ ወይራ ገንጥሎ ዱላ ማድረግ። እንደኛ ውጭ የዋለ አልነበረም፣ እንደኛም ወፍ የፈጀ አልነበረም። ስለዚህ «ካወጣናቸው ይወዳሉ» የሚለው አይዋጥልኝም።

ልጅ የሚሳሳው ለደከመበት ነገር ነው። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ከተጀመረ ወዲህ ሐምሌ ላይ ሁሉም ችግኝ ይተክላል። ጥር ሲመጣ ግን ዝናብ የለም፣ መሬቱ ይሰነጠቃል፣ ዞር ብሎ የሚያየው ያጣ ችግኝ ይደርቃል። የኔ ልጆች አንዳንድ የወይራ ችግኝ አላቸው። በሃይላንድ ውሃ ይዘው ሄደው ያጠጣሉ። አንድ ቀን የጎረቤት በግ የትንሹን ቀነጠበበትና ልጁ ሲያለቅስ አመሸ። በነጋታው ማንም ሳያዘው የቀጋ እሾህ እየጎተተ መጥቶ አጠረው። እጁ ደምቶ ነበር። እኔ አክብሮት የምለው እሱን ነው።

ደግሞስ ወዴት ልታወጫቸው ነው? እንጦጦ ቢወጡ የሚበዛው በምኒልክ ዘመን የገባው የአውስትራሊያ ባህር ዛፍ ነው፤ ከሥሩ ሣር እንኳ እንደ ልብ አይበቅልም። ቀበና ወንዝ ወርዶ ልጁን እጅህን ንከር የሚል ወላጅ ደግሞ ያለ አይመስለኝም።

መምህርቷ፦
ወንድሜ፣ ያኔ ወንጭፍ ስትይዝ አጠገብህ ማን ነበር? ማንም። «ቆይ» የሚል ትልቅ ሰው አልነበረህም። «ይበቃል» ያልኩትን ግን አነሳዋለሁ፤ ውጭ መዋል ብቻውን እንደማያስተምር አንተው አሳይተኸኛል። ባህር ዛፉም ቢሆን ይጠቅመኛል። ቅጠሉን አሽተው ሲያሸቱት «ጉንፋን ሲይዘኝ እማዬ የምታጥነኝ ነው» ይላሉ። ከዚያ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ጽድ ሲያሸቱ ልዩነቱን በአፍንጫቸው ይለዩታል።

የምፈራው ሌላ ነው። ማጠጣት ግዴታ ብቻ ከሆነ ዛፉ ለ5 ዓመት ልጅ የቤት ሥራ ይሆንበታል። ያንተ ልጅ ያለቀሰው በየቀኑ እየሄደ ስላየው ይመስለኛል።

አባት፦
እውነት ነው፣ ቅጠሉን ይቆጥር ነበር። ግን ውሃው ባይኖር በየቀኑ ማን ይወስደዋል? ያንቺ 20 ልጆች እስስቷን አይተው ወደ ቤት ገቡ። ከዚያ በኋላ ማን ጠየቃት?

መምህርቷ፦
ያ ድንጋይ ያነሳው ልጅ ጠየቃት። በሳምንቱ አያቱን ይዞ እዚያው ቁጥቋጦ ሥር አገኘሁት። አያቱ ፈርተው ራቅ ብለው ቆመዋል። እሱ ቁጢጥ ብሎ «አይዞህ አባባ፣ ምንም አታደርግህም። ዓይኗን ብቻ እይ» ይላቸዋል።