ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው

የአዲስ አበባ ሰው ከሚመሰገንባቸው ነገሮች አንዱ ገንዘቡን በቀላሉ አለመስጠቱ ነው። በተለይም «ኤሌክትሪክ የኮርስ ብስክሌት ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» የሚለውን ጥያቄ ይዞ ካፌ በረንዳ ላይ የሚሰየመው ወገን፣ ዕቃውን፣ ማለትም ፔዳሉ ሲመታ ሞተር የሚያግዘውን ቀላል የውድድር ዓይነት ብስክሌት፣ በእጁ ሳይነካ፣ ኮርቻው ላይ ሳይወጣ፣ አንዳንዴም ብስክሌት መንዳት ጭራሽ ሳይችል፣ ስለ ሞተሩ ጉልበት፣ ስለ ባትሪው ዕድሜና ስለ ጎማው ስፋት ያካበተው ዕውቀት የሚያስቀና ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እነዚህ ሰዎች ግን ከቶም አያፈሱም፣ የሚፈስ ነገር ገዝተው አያውቁምና።

ጉባኤው ዘወትር የሚከፈተው በክብደት ነው። ሞተርና ባትሪ የሌለው ጥሩ የኮርስ ብስክሌት ከ7 እስከ 9 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበርም ለውድድር የሚቀርብ ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ ግራም እንዳያንስ ደንግጓል። ኤሌክትሪኩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ11 እስከ 14 ኪሎ ግራም ይደርሳል። እዚህ ላይ ከሊቃውንቱ አንዱ፣ ሁለተኛውን ኬክ በሹካ እየቆረሰ፣ «አምስት ኪሎ ትርፍ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ሞኝነት ነው» ሲል ይፈርዳል። ቁጥሩን ማንም አይክድበትም፤ ነጂውና ብስክሌቱ አንድ ላይ 90 ኪሎ ግራም ቢሆኑ፣ አምስት ኪሎ ሲታከል ዳገት ላይ ድካሙ በመቶ አምስት ተኩል ያህል ይጨምራል። ሞተሩ የተገጠመው ለዚያው ዳገት መሆኑን፣ የራሱንም ክብደት ራሱ ይዞ እንደሚወጣ ማስታወስ ግን የጉባኤውን ክብር መንካት ስለሚሆን ማንም አያነሣውም።

ዳገት ካልን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወስደውን አስፋልት ማለታችን ነው፤ በዚህ ከተማ ስለ ብስክሌት የሚወራው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚያ ነው። 90 ኪሎ ግራም ክብደት 500 ሜትር ሽቅብ ለማንሣት የሚያስፈልገው ኃይል 120 ዋት ሰዓት (ባትሪ የሚይዘው ኃይል የሚለካበት ልክ) ገደማ ነው። ከቀላሎቹ ባትሪዎች ብዙዎቹ 250 ዋት ሰዓት ይይዛሉ። በሞተሩ ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ፣ ነጂው የሥራውን ግማሽ በእግሩ ከሠራ፣ ባትሪው እንዲህ ያለውን ዳገት ሁለት ጊዜ አውጥቶ ይተርፈዋል፤ ባዶውን ባትሪ ለመሙላት የሚወስደው መብራትም የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ሩብ ነውና በጉባኤው ጠረጴዛ ላይ ካለው ከአንዱ ማኪያቶ ዋጋ እጅግ ያንሳል። ይህን ስሌት ለመሥራት የእጅ ስልክና ጥቂት ደቂቃ ይበቃ ነበር። ሊቃውንቱ ግን ነገርን ከምንጩ መመርመር ስለሚወዱ፣ ከመሬቷ ሩብ ያህሉ ከባሕር ወለል በታች በሆነው በኔዘርላንድ የሚኖር ሰው በቪዲዮ የሰጠውን አስተያየት ሦስት ጊዜ ደጋግመው ተመልክተው፣ ሞተር እምብዛም እንደማያስፈልግ ተረድተዋል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ መቀመጧም በጥናቱ ውስጥ ገና ቦታ አላገኘም። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ቢሆን ነው። ይህን የሳንባ ባለቤት የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፤ አየር የማይተነፍሰው ኤሌክትሪክ ሞተር ግን ደንታም የለው። ስለዚህ ማሽኑ ከኔዘርላንዷ ሮተርዳም ይልቅ ለእንጦጦ የተሠራ ይመስላል ብሎ መከራከር ይቻል ነበር፤ ለዚህ ግን አንድ ቀን ተነሥቶ ሽሮ ሜዳ ድረስ መሄድ ይጠይቃል።

ጥያቄው እውነተኛ ክብደት የሚያገኘው ሜዳ ላይ ነው፤ ሊቃውንቱም ሳያውቁት ወደ ቁም ነገሩ የሚጠጉት እዚህ ላይ ነው። የአውሮፓ ሕግ በተራ ብስክሌት ደንብ የሚነዳ ኤሌክትሪክ ብስክሌት የሞተሩ መደበኛ ጉልበት ከ250 ዋት እንዳይበልጥ፣ ፍጥነቱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስም ሞተሩ ማገዙን እንዲያቆም ያዛል። በአሜሪካ ደግሞ እንደየምድቡ ገደቡ 32 ወይም 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በጠፍጣፋ መንገድ በገዛ እግሩ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው የአውሮፓውን ቢገዛ፣ የተኛ ሞተር አዝሎ ይውላል፤ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ለሚኖር ብርቱ ነጂ ቀላሉን ተራ ብስክሌት መግዛት የተሻለ ነው። በየመብራቱ ለሚቆም፣ ከየመብራቱም ዳገት ይዞ ለሚነሣ፣ ቢሮው ሲደርስ ሸሚዙ በላብ እንዲርስ ለማይፈልግ ሰው ግን 25 ኪሎ ሜትር ከበቂ በላይ ነው። እንግዲህ ሁሉም ነገር የሚወሰነው ሰውየው ራሱ በምን ፍጥነት እንደሚነዳ በማወቁ ላይ ነው። ጉባኤው ይህን ጉዳይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘግቶታል፤ «እኔ እኮ 40 ነው የምነዳው» አለ አንዱ፣ ሌሎቹም ራሳቸውን በአክብሮት ነቀነቁ። የተጠቀሰው ፍጥነት የተመዘገበው ባለቤቱ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በሰዓት ሒሳብ በተከራየው ብስክሌት፣ ፍሬን ሳይኖረው፣ የሰፈሩን ቁልቁለት በወረደበት ዕለት ነው።

ከፍጥነቱ ቀጥሎ የክብር ጉዳይ ይነሣል። «በሞተር መነዳት ማጭበርበር ነው» የሚለው አቋም በጉባኤው ውስጥ ጽኑ ደጋፊዎች አሉት፤ ማስረጃቸውም የሚናቅ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችንም አሰልፋለች፤ እነዚያ ሰዎች ባትሪ አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ2016 ጽጋቡ ግርማይ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆኖ ታላቁን የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር፣ ቱር ደ ፍራንስን፣ ሲጋልብ እርሱም አልነበረውም። በዚያው ዓመት ቤልጂየም ውስጥ በተካሄደ የዓለም ሻምፒዮና የአንዲት ወጣት ተወዳዳሪ ብስክሌት ውስጥ የተደበቀ ሞተር ተገኝቶ፣ ተወዳዳሪዋ ስድስት ዓመት ታግዳለች። ይህን ሁሉ ያስረዱን ተናጋሪ ከቤታቸው እስከ ካፌው ያለውን ከአንድ ኪሎ ሜትር ያነሰ መንገድ በስልክ በጠሩት ታክሲ መምጣታቸው፣ ለውድድር ንጽሕና ያላቸውን ጥንቃቄ ቅንጣት አይቀንሰውም፤ ታክሲው ሞተሩን አልደበቀም።

ዋጋው ሲነሣ ነገሩ አጭር ነው። በውጭ አገር ገበያ ደህና የሚባለው ከ3,000 ዶላር ገደማ ይጀምራል፣ እስከ 10,000 እና ከዚያም በላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ሁሉም ተስፋውን የሚጥለው «ሰው ይመጣል» በሚለው ላይ ነው። ጋሼ ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ለፋሲካ ሲመጡ ይዘውልኝ ይመጣሉ ይባላል። ችግሩ ግን በመንገደኛ አውሮፕላን ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሚይዝ የሊቲየም ባትሪ በሻንጣም ሆነ በእጅ ይዞ መግባት አለመፈቀዱ ነው፤ ከቀላሎቹ የብስክሌት ባትሪዎች ብዙዎቹ ደግሞ 250 ናቸው። ጋሼ ብስክሌቱን ይዘው ባትሪውን ሜሪላንድ ትተው ይመጣሉ ማለት ነው። ሌላ ሕዝብ ቢሆን በዚህ ሕግ ባዘነ ነበር፤ ጉባኤው ግን እፎይ ብሎ ተቀብሎታል። ላለመግዛት ምክንያት ፍለጋ ይህን ያህል ዘመን ከደከሙ በኋላ የዓለም አቪዬሽን ራሱ ሲተባበራቸው ማየት ደስ ያሰኛል።

ከዚህ ሁሉ ጥበብ በኋላ የአንዲት ችኩል ሴት ነገር መነሣቱ ያሳዝናል። ሴትዮዋ ሜክሲኮ አካባቢ የምትሠራ የሒሳብ ባለሙያ ስትሆን፣ ጉባኤውን ሳታማክር፣ ከአገር ከሚወጣ ሰው ላይ ያገለገለ ኤሌክትሪክ የኮርስ ብስክሌት ገዝታ ከኮተቤ እየተመላለሰችበት ነው። አንድ ማለዳ በበረንዳው አጠገብ ስታልፍ አስቁመው መረመሯት። ከመሪው ሥር ካሉት አምስት ትናንሽ መብራቶች አራቱ እንደበሩ ናቸው፤ ሰንሰለቱ አቧራ ይዟል፤ የኋላው ጎማ መሐል ወፈር ያለ ጽዋ መሳይ ነገር ተቀምጦ ቀጭን ገመድ ወደ ቧንቧው ውስጥ ይገባል። ሞተሩ የፔዳሉን ግፊት የሚለካ ነው ወይስ መዞሩን ብቻ የሚቆጥር? ባትሪው ስንት ጊዜ ተሞልቷል? ተብላ ተጠየቀች።

«እሱን እንኳ አላውቅም» አለች፤ «ፔዳሉን ጠንከር ስል ጠንከር ይላል። ያስቸገረኝ ሌላ ነው። የኋላው ጎማ ሲፈነዳብኝ ጎሚስታው ገመዱን አይቶ አልነካም አለኝ፣ እንዴት እንደሚነቀል እኔ ነኝ ያሳየሁት። ኮንዶሚኒየሙ አሳንሰር የለውም፣ ማታ ማታ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሜው ነው የምወጣው። ውጭ አስሬ አላድርም። ቀጭኑን ጎማም ጉድጓዱ አልቻለውም፣ በሰፊው ቀየርኩት።»

እንዲህ ያለውን መረጃ ሊቃውንቱ ሰምተውት አያውቁም ነበር፤ በማንኛውም ቪዲዮ ላይ የለምና። የጎሚስታው ፍርሃት፣ የደረጃው ብዛት፣ የጎማው ልክ፣ ይህ ሁሉ ገዝቶ በመንዳት ብቻ የሚገኝ ተራ ዕውቀት በመሆኑ በመዝገባቸው ላይ ሳያሰፍሩት ቀሩ። እሷም በየዋህነት ብስክሌቱን ወደ እነሱ ገፋ አድርጋ፣ «እስቲ አንዳችሁ ውጡና እስከ አደባባዩ ደርሳችሁ ተመለሱ፤ በአንድ ዙር ይገባችኋል» አለቻቸው። አንዱ ጉልበቱን እንደሚያመው ያን ጊዜ ትዝ አለው። ሁለተኛው ሱፍ ለብሷል። 40 የሚነዳው ደግሞ ስልክ እየጠበቀ ነበር፤ ስልኩም እግዜር ይስጠውና ወዲያው ጮኸ። ሴትዮዋ ሥራ እንዳይረፍድባት ተሰናብታ ሄደች፣ ጉባኤውም የኋላ መብራቷን በዓይኑ ሸኝቶ፣ ለብስክሌቷ ቀለም ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠ።

እነዚህን ሰዎች የሚያማ ሰው የከተማዋን ዕድገት አይወድም ማለት ነው። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የብስክሌት መስመሮች ሳይጫጫሩ የሚቆዩት በእነሱ ትዕግሥት ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሚካሄደው፣ መንገዱ ለመኪና በሚዘጋበት የ«መንገድ ለሰው» ቀን፣ ሌላው ሕዝብ ከልጆቹ ጋር ጎማ ሲያንከባልል፣ እነሱ ዳር ይዘው የእያንዳንዱን ነጂ የኮርቻ ከፍታ ልክ አለመሆን በነጻ ይጠቁማሉ።

አሁን ያለንበት ደረጃ የሚከተለው ነው። የዘንድሮውን ሞዴል መግዛት ስሕተት እንደሆነ ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል፣ በሚመጣው ዓመት የተሻለ ባትሪ ይወጣልና፤ ይህ ውሳኔ አምናም ካቻምናም ተላልፎ አንድም ጊዜ ስሕተት ሆኖ አልተገኘም። ሴትዮዋ ያነሣችው የደረጃ ጉዳይ ግን አዲስ ስለሆነ፣ ብስክሌቱ ቢገዛ ቤት ውስጥ ከግድግዳ ላይ ይሰቀል ወይስ በር ሥር ይቁም የሚለውን የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ሰብሳቢው ቪላ ቤት የሚኖሩት፣ በታክሲ የመጡት ሰውዬ ናቸው።