ሐረጉ በምን ይይዛል?
አጥርና ግድግዳ ላይ ስለሚወጡ ተክሎች «ሐረግ ግድግዳ ያፈርሳል» ሲባል በደፈናው መቀበል ይከብደኛል። መጀመሪያ ሐረጉ በምን እንደሚይዝ ይጠየቅ። በአዲስ አበባ አጥሮች ላይ እንደ ምንጣፍ የምትነጠፈው፣ ቅጠሏ ትናንሽ የሆነችው የሾላ ዘመድ ከግንዷ በሚወጡ ሥሮች ልስኑ ላይ ትጣበቃለች። ልስኑ ጤነኛ ከሆነ እምብዛም አትጎዳውም፤ ቀድሞ የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ሥሯን ሰድዳ ስንጥቁን ታሰፋዋለች፣ ስትነቀልም ቀለሙን ገፍፋ ነው የምትወርደው። ፓሽን ፍሩት ሌላ ነው፤ በጥምዝምዝ ክሮቹ የሚጨብጠው ነገር ይፈልጋል እንጂ ግድግዳ አይቧጥጥም። እኔ ብሎኬቱ ላይ የጣውላ ቁራጮች መትቼ፣ ሽቦውን ከግድግዳው ግማሽ ስንዝር ያህል አርቄ ወጠርኩለት፤ ከኋላው አየር ስለሚያልፍ ከክረምት በኋላም ግድግዳው ቶሎ ይደርቃል። የጓሮውን ቆርቆሮ አጥር ስሞክር ግን አልሆነልኝም፣ የበጋው ፀሐይ ቆርቆሮውን እንደ ምጣድ አግሎ ለጋ ጫፎቹን ጠበሰብኝ። «ቡገንቪሊያዬ አላብብ ብሎ ቅጠል ብቻ ሆነ» ለሚሉ ደግሞ፦ ውኃውን ይቀንሱለት፣ ሙሉ ፀሐይም ያግኝ። በነገራችን ላይ ያ ደማቅ ቀለሙ ራሱ ቅጠል ነው፤ እውነተኛው አበባ መሐሉ ላይ ያለችው ነጣ ያለች ትንሽ ነገር ናት። ቡገንቪሊያ እሾህ እንጂ የሚይዝበት ክርም ሆነ ተጣባቂ ሥር ስለሌለው ካልታሰረ ይዘነበላል። ሽቦ ቅርፊቱን ይቆርጠዋልና በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ላላ አድርገው ይቋጥሩት።