ጠበቃው ሲሳሳት ይርጋው ከመቼ ይቆጠር?

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ወገናችን ጥገኝነት ሊጠይቅ ጠበቃ ያዘ እንበል። ልዩ ምክንያት ከሌለ ማመልከቻው አሜሪካ በገባ በ1 ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። ጠበቃው ቀኑን አሳለፈ። ዘግይቶ አስገባና «አልቋል፣ ቀጠሮህን ጠብቅ» ብሎ ፋይሉን ዘጋ። ሰውየው ጠበቀ። የኢሚግሬሽን ወረፋ መቼም የታወቀ ነው። ከዓመታት በኋላ ዳኛ ፊት ሲቀርብ ነው ቀኑ ማለፉን የሰማው።

አሁን ጠበቃውን ልክሰስ ቢል ጊዜው አለው? ይርጋው፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ አላለፈበትም?

ጉዳዩ ፖቶማክን ተሻግሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ቢሆን ኖሮ ተስፋ ነበረው። ሜሪላንድ 3 ዓመት ትሰጣለች። ቆጠራው የሚጀምረው ጥፋቱን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ነው። ዲሲም እንደዚያው። ቨርጂኒያ ግን ነገሩን እንደ ውል መጣስ ታየዋለች። ሰዓቱ ከተጣሰበት ቀን ይሮጣል፤ ደንበኛው ማወቅ አለማወቁን ማንም አይጠይቅም። በጽሑፍ ለተፈረመ ውል 5 ዓመት፣ በቃል ለሆነ 3 ዓመት ነው። (አገር ቤት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለውል ክስ በመደበኛው 10 ዓመት ይሰጣል። ያንን ለምዶ የመጣ ሰው ይሸወዳል።)

የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1987 ነገሩን ትንሽ አለዝቦታል። ጠበቃው በዚያው ጉዳይ ላይ እየሠራ እስካለ ድረስ ይርጋው አይጀምርም። ደግ አደረገ። ጉዳዩን የያዘልህን ጠበቃ በጎን መክሰስ እንዴት ይሆናል? ግን እንደኛው ሰውዬ ፋይሉ ቶሎ የተዘጋበትን አያድነውም። ጥፋቱን የሚያውቀው ጠበቃው ብቻ ሆኖ ሳለ ዝምታው ለራሱ ጊዜ ይገዛለታል። ይኼ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ጠበቆችም የሚሉት አላቸው። ከ20 ዓመት በኋላ ፋይሉ የለም፣ ምስክሩም ረስቷል። እውነት ነው። ካሊፎርኒያ ለዚህ ጣሪያ አበጅታለች፦ ከታወቀበት 1 ዓመት፣ ከጥፋቱ ቀን ደግሞ በመደበኛው ቢበዛ 4 ዓመት። 1 ዓመቷ ታንሳለች፣ አሠራሩ ግን ይሆናል። ቨርጂኒያም ቆጠራውን ካወቀበት ቀን አስጀምራ ከላይ ጣሪያ ብታደርግበት ማን ይጎዳል?

እስከዚያው፣ በሰው በሰው ተገናኝቶ በቃል መስማማት ይቅር። ፊርማዋ 2 ዓመት ትጨምራለች። ጠበቃው «ጨርሻለሁ» ሲልም ቀን ያለበት ደብዳቤ ይጠየቅ፤ ክርክሩ ሁሉ በዚያች ቀን ላይ ሊንጠለጠል ይችላል።