ነጻ ጌም የለም፣ ሂሳቡ ሌላ ቦታ ነው
ደሴ ፒያሳ ታክሲ የሚጠብቅ ልጅ ስልኩ ላይ ምን እንደሚያደርግ አጮልቃችሁ እዩ። አንድ ዙር ይጫወታል፣ ማስታወቂያ ያያል፣ ደግሞ ይጫወታል፣ ደግሞ ያያል። ሰው በጌም ሠሪዎቹ ይማረራል። እኔ ግን አፕ የምናወርድባቸው መደብሮች (የአፕል አፕ ስቶርና የጉግል ፕሌይ ስቶር) ናቸው ጌሙን እንዲህ ያደረጉት ባይ ነኝ።

አፕል አፕ ስቶርን የከፈተው በ2008 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። አንግሪ በርድስ የሚባለው ጌም በ2009 ሲወጣ በአይፎን 99 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር፤ አንዴ ከፍለህ ትገላገላለህ። በዚያው ዓመት አፕል በነጻ የወረደ አፕ ውስጥም ተጨማሪ ነገር እንዲሸጥ ፈቀደ። ነገሩ የተበላሸው ያኔ ነው። ከመደብሩ የደረጃ ሰንጠረዥ አናት ለመውጣት ብዙ ሰው ማውረድ አለበት፣ ብዙ ሰው እንዲያወርድህ ነጻ መሆን አለብህ፣ ነጻ ከሆንክ ደግሞ ገንዘቡን ከውስጥ መልቀም ነው። ካንዲ ክራሽ የሚባለው ጌም በ2012 መጣና "ሕይወትህ አልቋል፣ ወይ ጠብቅ ወይ ክፈል" አለን።

ከዚያ ላይ መደብሩ ከሽያጩ 30 በመቶ ይቆርጥ ነበር። ኤፒክ ጌምስ የሚባለው ጌም ሠሪ ኩባንያ ከዚህ ለማምለጥ በ2020 ፎርትናይት በሚባለው ጌሙ ውስጥ የራሱን መክፈያ ሲያስገባ አፕልም ጉግልም በዚያው ቀን ጌሙን ከመደብራቸው አስወጡት። ኤፒክ ለትንሹ ሠሪ አዝኖ ነው የተጣላው ብላችሁ እንዳትሸወዱ፣ ለኪሱ ነው። ብቻ በ2021 አፕልም ጉግልም የሚቆርጡትን ለአነስተኛ ሠሪዎች ወደ 15 በመቶ ዝቅ አደረጉ።

እኛ ጋ በዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ስንት ሰው ነው? ስለዚህ የምንከፍለው በጊዜያችንና በዳታ ጥቅላችን ነው። ብዙዎቻችን ደግሞ ጌም ከጓደኛ በዜንደር እንቀበላለን፣ ካልሆነ ሞባይል ቤት ገብተን "ጫንልኝ" እንላለን። እንዲህ የተጫነ ጌም መደብሩ ሰንጠረዥ ላይ እንደ ውርድ አይቆጠርም። ደሴ በሙሉ አንድ ጌም ቢጫወት እንኳ መደብሩ ላያውቀው ይችላል።

ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር አንድ ልጅ የገበጣ ጌም ቢሠራ በፕሌይ ስቶር ለመመዝገብ 25 ዶላር ይከፍላል (ካርድ ካገኘ)፣ አዲስ የግል አካውንት ከሆነ ደግሞ ሞካሪዎች ሰብስቦ 14 ቀን ማስሞከር አለበት። እኔን ቢጠይቀኝ፣ መጠኑን አሳንሰው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሥራ፣ መጀመሪያ በሞባይል ቤቶችና በቴሌግራም በትነው እለዋለሁ። ግን ይፍጠን። ጉግል ከመደብሩ ውጭ የሚጫን አፕም ቢሆን ሠሪው ማንነቱን እንዲያስመዘግብ አደርጋለሁ ብሎ በ2025 አስታውቋል፣ በ2026 ከጥቂት አገሮች እንደሚጀምርም ተናግሯል።