ሲስተር ተኝተው ነው?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። መጀመሪያ የምቆጣው ግን ራሴን ነው፤ ጥፋቱ የሚጀምረው ከእኔው ቤት ነውና።

እናቴ ነርስ ነበረች። ስትሞት የሕይወት ታሪኳን ጻፍ ተባልኩ። ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። «የአራት ልጆች እናት፣ የሰባት ልጆች አያት፣ በነርስነት ሙያ ለ33 ዓመታት በቅንነት ያገለገለች» ብዬ ጻፍኩና እስክሪብቶው ቆመ። በእነዚያ 33 ዓመታት የት የት ክፍል ሠራች? ሙያውን ያስለመዳት ማን ነው? መጀመሪያ ሰው እጇ ላይ ሲሞት ስንት ዓመቷ ነበር? አላውቅም። እህቴን ጠየቅኳት። እሷም አታውቅም። «ደግ ነበረች» ብለን ዘጋነው። «ደግ» የማይባል ሟች አለ?

እኔ የማውቀው እንቅልፍ ማጣቷን ነው። ከአዳር ተረኝነት ስትገባ እኛ ለትምህርት ቤት እንለብሳለን። ጫማዋን በር ላይ ታወልቃለች፤ ማንንም ሳትነካ በቀጥታ ወደ ውሃው ትሄዳለች። እጇ ከመታጠብ ብዛት ጣቶቿ መገናኛ ላይ ተሰነጣጥቆ ነበር። ቁርስ ታበላናለች፣ ታስወጣናለች፣ ከዚያ ዓይኗ ላይ ሻርፕ አስራ ጋደም ትላለች። ትምህርት በሌለ ቀን እኔ ቤት ነኝ። ገና ግማሽ ሰዓት ሳትተኛ በሩ ይንኳኳል።

«ሲስተር ተኝተው ነው?»

«ቆይ ልቀስቅሳት» እላለሁ። ጨዋው ልጅ!

አንዱ መርፌ ሊወጋ ነው። አንዷ ግፊቷን ልትለካ ነው። ሌላው የዶክተሩን ጽሑፍ ሊያስነብብ ነው፤ ነገም ቢያስነብበው የማይሞትበት። እሷ ሻርፗን ግንባሯ ላይ ሸብ አድርጋ ትወጣለች። «ችግር የለም» ትላለች። እኛም አመንናት። አጥፊነታችን እዚህ ላይ ነው።

ችግርማ ነበረው። የሰው ሰውነት በብርሃንና በጨለማ የሚመራ የራሱ ሰዓት አለው። ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው እንቅልፉ ብዙ ጊዜ አጭርና ጥልቀት የሌለው ነው፤ ያ የተቆረሰው ደግሞ በቀላሉ ተመልሶ አይሞላም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2007 የሌሊት ፈረቃን ካንሰር ያመጣሉ ተብለው በብርቱ ከሚጠረጠሩ ነገሮች ጋር መድቦታል፤ በ2019 አይቶም አልቀየረውም። እኛ ቤት ግን የእናቴን እንቅልፍ የሚቆርሰው ፈረቃው ብቻ አልነበረም። እኔም ነበርኩበት።

ሜይ 12 ሲመጣ የነርሶች ቀን ብላችሁ ፎቶ የምትለጥፉ ሰዎች፣ እናንተም ስሙኝ። ቀኑ የዘመናዊ ነርስነት መሥራች የምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1820 የተወለደችበት ነው። ሴትየዋ አላገባችም፣ ልጅም አልወለደችም። ከእሷ በኋላም ለረጅም ጊዜ፣ በብዙ አገሮች ያገባች ነርስ ሥራዋን እንድትለቅ ትገደድ ነበር። ሕጉ ክፉ ነው። ግን አንድ ነገር ገብቶት ነበር፤ ሁለቱ ሥራ ለአንድ ሰው እንደሚበዛ። ችግሩ፣ ባልየው ማድ ቤት ይግባ ብሎ ከማሰብ ይልቅ ሴትዮዋን ማባረሩ ቀለለው። ዛሬ ክልከላው ተነሥቷል፤ ሸክሙ ግን እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ሪፖርት በዓለም 28 ሚሊዮን ገደማ ነርሶች እንዳሉ፣ ከአሥሩም ዘጠኙ ሴቶች እንደሆኑ ይናገራል። ከእነዚህ ስንቶቹ ናቸው ከታማሚ አልጋ አጠገብ ተነሥተው ቤታቸው ወደሚጠብቃቸው ሌላ ፈረቃ የሚገቡት?

ከዚያ ስትሞት «ሻማ ነበረች፣ ለእኛ እየቀለጠች አበራችልን» እንላለን። እስቲ ሻማዋን የለኮሳት ማን ነው? ሰው እኮ ሻማ አይደለም። ይደክመዋል፣ ወገቡን ያመዋል፣ «ዛሬስ አልችልም» ማለት ያምረዋል። «መሥዋዕትነት» የምትለዋን ቃል እኛ የምንወዳት ዕቃ ከማጠብ ስለምታድነን ነው።

አያት ስትሆንም አላረፈችም። ጡረታ ወጣች፣ እኛ ደግሞ ነፃ ክሊኒክና ነፃ ሞግዚት አገኘን። አንድ ማታ ትንሿ ልጄ ሳል ያዛት። ዓመት ከመንፈቋ ነበር። ሚስቴ መዳፏን ግንባሯ ላይ ታደርጋለች፣ እኔ ስልክ ላይ እፈልጋለሁ። እናቴ «ዝም በሉ» አለች። ደረት ላይ የሚንጠለጠለውን አሮጌ ሰዓቷን ከቦርሳዋ አወጣች። የእጅ ሰዓት አድርጋ አታውቅም፤ አንጓ ባዶ ካልሆነ እጅ በደንብ አይታጠብም ትል ነበር። ልጅቷ ለቅሶዋን እስክትተው ጠበቀች። ልብሷን ገለጥ አድርጋ የደረቷን ከፍ ዝቅ ማለት እያየች ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጠረች። ግማሽ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት የለም። «46» አለች። «ተነሡ፣ እንሂድ።»

በኋላ ነው የገባኝ። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለ የሚያስል ልጅ በደቂቃ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ይጠረጠራል። ከሁለት ወር እስከ ዓመት ላለ ሕፃን ደግሞ 50 ነው። ልጄ የሳንባ ምች ነበረባት፤ ቶሎ ስለሄድን ቀለለላት። እኔ ግን ያን ማታ እንኳን «እማዬ፣ ይሄንን የት ተማርሽው? ስንት ልጅ እንዲህ ቆጠርሽ?» አላልኳትም። ስንመለስ «እስክንተኛ ትንሽ ያዥልን» ብዬ ልጅቷን ሰጠኋት።

«ነርስ የታካሚ ምስጢር አታወራም፤ ምን ብዬ ልጠይቃት?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ አታወራም፣ ማውራትም የለባትም። ስለ ታካሚው ማን ጠየቃችሁ? ስለ እሷ ጠይቁ። የትኛው ሌሊት ከበዳት? ሥራውን ልትተወው ያሰበችው መቼ ነው? ልትማረው ፈልጋ የቀረባት ነገር አለ? ይህን ለመጠየቅ ቀብር መጠበቅ አያስፈልግም። ቀብር ላይማ የምትመልስ የለችም።

ነገ ጠዋትም ቤታችሁ ከአዳር የምትገባ ሴት ካለች መጋረጃውን እናንተ ዝጉላት። ልጆቹን እናንተ አድርሱ። ስልኳን ድምፁን አጥፉት። በር ተንኳኩቶ «ሲስተር ተኝተው ነው?» የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ ድንገተኛ ነገር እንደሆነ ጠይቁት። ካልሆነ «አዎ፣ ተኝታለች፣ ከሰዓት ይምጡ» በሉት።